ባሕረኛ ቅድመ አያትን ፍለጋ፦ ከአሮጌ ጋዜጣ እስከ መርከብ መዝገብ

ገበሬ፣ ሸማኔ ወይም አንጥረኛ የነበረ ቅድመ አያት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ አካባቢ ተወልዶ፣ እዚያው አግብቶ፣ እዚያው ይቀበራል። የቤተ ክርስቲያን መዝገብና የሕዝብ ቆጠራ ወረቀት ይዞት ይገኛል። ባሕረኛ ግን እንዲህ በቀላሉ አይያዝም። ሕዝብ በተቆጠረበት ሌሊት እርሱ ባሕር ላይ ነው፤ ልጁ ሲወለድ ሌላ ክፍለ ዓለም ነው፤ ሲሞትም ብዙ ጊዜ መቃብር የለውም። በዚህ ምክንያት ብዙ የቤተሰብ ታሪክ ፈላጊዎች «መርከበኛ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ አይታወቅም» ብለው ታሪኩን በአንድ መስመር ይዘጉታል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በ19ኛው መቶ ዘመን እንደ መርከበኛ ብዙ ወረቀት የተጻፈበት ሠራተኛ ጥቂት ነው። ሲቀጠር ይፈርማል፤ ሲሰናበት ይፈርማል፤ ሲታመም፣ ሲጣላ፣ ሲኮበልል፣ ሲሰጥም ይጻፋል።

ችግሩ ይህ ሁሉ ወረቀት የተደረደረው በሰውየው ስም አለመሆኑ ነው። ጋዜጣው የሚዘግበው የመርከቧን መምጣትና መሄድ ነው፤ የቅጥር ውሉ የሚቀመጠው በመርከቧ ቁጥር ሥር ነው፤ የመድን ሰዎችም የሚመዘግቡት መርከቧን ነው። የሰውየውን ስም በፍለጋ ሳጥን ውስጥ ጽፎ የሚጠብቅ ሰው ባዶ እጁን የሚመለሰው ለዚህ ነው። ሰውየውን ለማግኘት መርከቧን መከተል ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ የአንድ ነገር ማብራሪያ ነው።

ምሳሌዎቼን በብዛት የምወስደው ከብሪታንያ የንግድ መርከቦች ነው። ከየአገሩ የመጡ መርከበኞች ይሳፈሩባቸው ስለነበር የሌላ አገር ሰው ዘርም እዚያ መዝገብ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የሌሎቹን አገሮች ወደ መጨረሻ እመለስባቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቤት ይጀምሩ

ወደ የትኛውም ቤተ መዛግብት ከመጻፍዎ በፊት በዘመድ ቤት ያለውን ሳጥን ሁሉ ያስከፍቱ። የሚፈልጉት የመርከብ ስም ነው፤ አንድ ብቻ ይበቃል። የስንብት ወረቀት ካለ መርከቧ በስሟ ተጽፋለች። የባሕር ኃይል ሰው ፎቶግራፍ ከሆነ ቆቡ ላይ የተጠመጠመውን ጥብጣብ በአጉሊ መነጽር ይዩት፤ የመርከቧ ስም በወርቃማ ፊደል የተጻፈው እዚያ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን ጠላት እንዳያውቅ ስሙ ቀርቶ «ኤች ኤም ኤስ» (የግርማዊነታቸው መርከብ) የሚለው አሕጽሮት ብቻ ይጻፍ ነበር። ሜዳልያ ካለ ፊቱን ብቻ ሳይሆን ጠርዙን ያገላብጡ፤ ስም፣ ማዕረግና ቁጥር የሚቀረጸው ጠርዙ ላይ ነው። ፖስታ ካርድ ካለ የተላከበትን ወደብና ማኅተሙ ላይ ያለውን ቀን ይጻፉ፤ ያ ቀንና ያ ወደብ በኋላ ጋዜጣ ሲያነቡ መርከቧን ይጠቁማሉ።

ቤተሰብ የሚያወራውንም እንደተነገረ ይጻፉት። «ካፒቴን ነበር» የሚባለው ሰው በመዝገቡ ላይ የካፒቴን ምክትል ወይም ምግብ አብሳይ ሆኖ ሲገኝ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ይህ ውሸት አይደለም፤ ልጅ ስለ አባቱ ሲያወራ ማዕረግ ይጨምርለታል። ነገር ግን ካፒቴን ብቻ የሚገኝበትን መዝገብ ሲያገላብጡ ዓመት እንዳያልፍብዎት ወሬውን እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ ማስረጃ አይያዙት።

በሕዝብ ቆጠራ ላይ ሰውየው ቤቱ ከሌለ ሚስቱን ይፈልጉ። በሥራ መደብ ዓምድ ላይ «የመርከበኛ ሚስት» ተብላ የቤቱ ኃላፊ ሆና ትጻፋለች። እርሱ ደግሞ በወደብ ከቆሙ መርከቦች በአንዱ ላይ ለብቻው ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል።

ንግድ ነው ወይስ ባሕር ኃይል?

ይህን ሳይለዩ አይቀጥሉ፤ መዝገቦቹ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። የብሪታንያ ባሕር ኃይል ተራ መርከበኛ ከ1853 ጀምሮ ቋሚ አገልግሎትና የግል ቁጥር አግኝቷል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው በስሙ ይገኛል፤ መዝገቡም ለንደን ውስጥ ኪው በሚባለው ሰፈር ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። ከ1853 በፊት ግን መርከበኛው የሚቀጠረው ለአንድ መርከብ ስለነበር የመርከቧን ስም ሳያውቁ ሰውየውን ማግኘት እጅግ አዳጋች ነው።

የባሕር ኃይል የመርከብ መዝገብ ለሚያነቡ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እስከ 1805 ድረስ የመርከብ ቀን የሚጀምረው በቀትር ነበር፤ ከየብሱ ቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የሆነው ነገር በመርከብ መዝገብ ላይ ረቡዕ ተብሎ ይገኛል። ጋዜጣውና መዝገቡ በአንድ ቀን ሲለያዩ አንዱ ተሳስቷል ብለው አይቸኩሉ። ከ1752 በፊት ደግሞ በእንግሊዝ አዲስ ዓመት በሕግ የሚገባው መጋቢት 25 ቀን ስለነበር በጥር የሆነ ነገር ባለፈው ዓመት ተጽፎ ያገኙታል።

የንግድ መርከበኛ ከሆነ ዘመኑን ይለዩ

የንግድ መርከብ አዛዦች የመርከበኞቻቸውን ዝርዝር እንዲይዙ የሚያስገድደው ሕግ የወጣው በ1747 ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ አሠርት ዓመታት ግን የተረፈው ከጥቂት ወደቦች ብቻ ነው። ከ1835 ጀምሮ መንግሥት በጦርነት ጊዜ የሚጠራቸውን ሰዎች ለማወቅ ሲል መርከበኞችን በስም መመዝገብ ጀመረ። ከዚህ ሁሉ እጅግ የምወደው ከ1845 እስከ 1853 የተሰጠው የመርከበኛ ቲኬት መዝገብ ነው። የትውልድ ቀንና ቦታ፣ ቁመት፣ የፀጉርና የዓይን ቀለም፣ መጀመሪያ ባሕር የወጣበት ዓመት፣ መጻፍ መቻል አለመቻሉ ሁሉ አለበት። ከዚያም የሰውነት ምልክት የሚል ቦታ አለ፤ ክንዱ ላይ የተነቀሰ መልሕቅ፣ ፊቱ ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ፣ የተቆረጠ ጣት። ፎቶግራፍ ላልነበረው ሰው ከዚህ የበለጠ ምስል ከየት ይገኛል?

ከዚያ በ1857 ምዝገባው ቆመ። እንደገና የጀመረው በ1913 ነው። ይህ ማለት ለ56 ዓመታት የብሪታንያን የንግድ መርከበኛ በስሙ የሚፈልጉበት አንድም ማእከላዊ መዝገብ የለም፤ ያውም የሸራ መርከብ አልፎ የእንፋሎት መርከብ በነገሠበት፣ የብዙዎቻችን ቅድመ አያቶች ባሕር ላይ በነበሩበት ዘመን። ይባስ ብሎ ከ1913 እስከ 1918 የነበረው መዝገብም በኋላ ተወግዷል። ከ1918 እስከ 1941 ያለው በካርድ ተይዟል፤ ከ1918 እስከ 1921 ከነበሩት ካርዶች ብዙዎቹ የሰውየው ፎቶግራፍ ተለጥፎባቸዋል። ዘመኑ ከገጠመልዎ በዚያ ይጀምሩ።

የእርስዎ ሰው በዚያ የ56 ዓመት ክፍተት ውስጥ ከወደቀ ግን ያለው መንገድ መርከቧ ብቻ ናት።

መርከቧን ከሞክሼዎቿ መለየት

መርከቦች እንደ ሰው ስም ይጋራሉ። «ሜሪ»፣ «ኤልዛቤት»፣ «ሆፕ» የሚባሉ መርከቦች በአንድ ዘመን በብዙ ወደብ ይገኛሉ። ስለዚህ የመርከቧ ስም ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። የሚፈልጉት ይፋዊ ቁጥሯን ነው። በ1854 በወጣው የንግድ መርከቦች ሕግ መሠረት ከ1855 ጀምሮ እያንዳንዷ የብሪታንያ መርከብ አንድ ቁጥር ተሰጥቷታል። ስሟ ቢለወጥ፣ ባለንብረቷ ቢለወጥ፣ የተመዘገበችበት ወደብ ቢለወጥ፣ ቁጥሯ አይለወጥም።

ቁጥሩን ለማግኘት ከ1857 ጀምሮ በየዓመቱ የወጣውን የመርከቦች ዝርዝር መጽሐፍ ይመልከቱ። ክሩ ሊስት ኢንዴክስ ፕሮጀክት የሚባለው የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ይህን መጽሐፍ ገጽ በገጽ በኢንተርኔት አስቀምጦታል፤ በስም ፈልገው ቁጥሩን፣ በቁጥር ፈልገው ስሙን ያገኛሉ። የሎይድስ የመርከቦች መዝገብ ደግሞ ከ1764 ጀምሮ የመርከቧን የአዛዥ ስም፣ ቶን፣ የተሠራችበትን ቦታና ዓመት ይሰጣል።

ሁለት ተመሳሳይ መርከቦች ሲያጋጥሙ የሚለዩዋቸው በሦስት ነገር ነው፦ የተመዘገበችበት ወደብ፣ የአዛዡ የቤተሰብ ስምና የምሰሶዋ አሠራር። ባለ ሁለት ምሰሶ ብሪግ ከባለ ሦስት ምሰሶ ባርክ ጋር አይምታታም። በቶን ብቻ ግን አይፍረዱ፤ የአለካኩ ሕግ በ1836 እና በ1854 ስለተለወጠ አንድ መርከብ ምንም ሳትነካ በመዝገብ ላይ ትልቅ ወይም ትንሽ ሆና ትታያለች።

የውል ሰነዱን ማንበብ

መርከቧን ካወቁ በኋላ የሚጠይቁት የመርከበኞች የውል ሰነድ ነው። ትልቅ የታጠፈ ወረቀት ነው። በፊት ገጹ ላይ መርከቧ ወዴት እንደምትሄድና ጉዞው ቢበዛ ስንት ዓመት ሊቆይ እንደሚችል ተጽፏል። ከዚያም የየቀኑ ቀለብ ሰንጠረዥ ይታያል፦ የደረቅ ዳቦ፣ ጨው የተነሰነሰበት የበሬና የአሳማ ሥጋ፣ አተር፣ ሻይ፣ ስኳር፣ ለአንድ ሰው በቀን 3 ኳርት (አንዱ ኳርት ከሊትር ትንሽ ይበልጣል) ውሃ። ብዙውን ጊዜ ከግርጌ «መጠጥ አይፈቀድም» የሚል ይጨመርበታል። ይህን ገጽ ሳያነቡ አይለፉት፤ ቅድመ አያትዎ ለወራት የበላውና የጠጣው ይህ ነው።

ውስጡን ሲከፍቱ እያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር ይዟል። ፊርማው፣ ዕድሜው፣ የተወለደበት ከተማ፣ ቀድሞ የሠራባት መርከብና ከእርሷ የተሰናበተበት ዓመት፣ የተሳፈረበት ቀንና ቦታ፣ የሥራ ድርሻው፣ ደመወዙ፤ በቀኝ በኩል ደግሞ የወጣበት ቀን፣ ቦታና ምክንያት። ከእነዚህ ዓምዶች ሁሉ የፍለጋው ቁልፍ «ቀድሞ የሠራባት መርከብ» የሚለው ነው። እርሱ ወደ ኋላ የሚወስድ ክር ነው።

እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ ላሳይ። በ1881 ዓመት ሰነድ ላይ ሰውዎን አገኙት እንበል፤ የ1881 ሰነዶች በብዛት በስም የተዘረዘሩ ስለሆኑ ለመጀመር ምቹ ናቸው። ዕድሜው 27፣ ትውልዱ ካርዲጋን፣ ቀድሞ የነበረበት መርከብ ከስዋንሲ የተመዘገበች፣ ዓመቱ 1880 ይላል። የዚያችን መርከብ ቁጥር ያገኛሉ፤ የ1880 ሰነዷን ይጠይቃሉ፤ እዚያም ሰውየው 26 ዓመት ሆኖ፣ ትውልዱ ካርዲጋን ሆኖ ይገኛል፤ ከእርሱ በፊት የነበረችው መርከብም ተጽፋለች። እንዲህ እያሉ አንድ ደረጃ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይወርዳሉ። ልጅ ሆኖ መጀመሪያ የተቀጠረባት መርከብ ላይ «የመጀመሪያ ጉዞ» የሚል ጽሑፍ ሲገኝ ክሩ አለቀ ማለት ነው።

ክሩን እንዳይበጥሱ ሁለት ነገር ይጠብቁ። አንደኛ፣ ሰነዱ የሚቀመጠው ጉዞው በተፈጸመበት ዓመት ነው፤ በ1878 ተነሥታ በ1880 የተመለሰች መርከብ ሰነዷ በ1880 ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ ስሙና ዕድሜው ስለተስማማ ብቻ ሰውየው እርሱ ነው አይበሉ። እኔ ራሴ ይህን ባለማስተዋሌ ስሙ የምፈልገውን ሰው ስም የመሰለ ሌላ ሰው ለወራት ተከትዬ ነበር። ያ ሰው በዕድሜም በሥራም ተመሳሳይ ነበር፤ ፊርማቸውን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ነው ሁለት ሰዎች መሆናቸው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ ስም፣ ትውልድ ቦታ፣ የቀድሞ መርከብና ፊርማ፣ ከእነዚህ አራቱ ቢያንስ ሦስቱ ካልተስማሙ አልቀበልም። ዕድሜን ከእነዚህ ውስጥ አላስገባሁትም፤ ልጆች ለመቀጠር ዕድሜ ይጨምራሉ፣ ሽማግሌዎች ላለመባረር ይቀንሳሉ። ስምም ይለወጣል፦ ዮሃንሰን የሚባለው ስካንዲኔቪያዊ በእንግሊዛዊ ጸሐፊ እጅ ጆንሰን ይሆናል፤ ከመርከብ የኮበለለ ሰው በሌላ ስም ይቀጠራል።

ሰነዶቹ በአንድ ቦታ አለመሆናቸው ጀማሪን ያደክማል። ከ1863 እስከ 1938 ካሉት ወደ 70 በመቶ የሚጠጉት ካናዳ ውስጥ በኒውፋውንድላንድ፣ በሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ የባሕር ታሪክ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። በ5 የሚያልቁ ዓመታት፣ ማለትም 1865፣ 1875፣ 1885 እያለ የሚሄደው፣ በብዛት በግሪንዊች ብሔራዊ የባሕር ሙዚየም ናቸው። ወደ 10 በመቶ የሚሆነው ናሙና ኪው ነው። ጥቂት ደግሞ በየአውራጃው መዝገብ ቤት ተበትነዋል። ስለዚህ የአንድ ሰው ክር ሦስት ተቋም ሊያቋርጥ ይችላል፤ ይህ የተለመደ ነው። የ1915 ሰነዶች ግን ከ39,000 በላይ የሆኑት በስም ተዘርዝረው በነጻ ይገኛሉ፤ ሰውዎ በዚያ ዓመት ባሕር ላይ ከነበረ ከየትም ቀድመው እዚያ ይግቡ።

በመውጫ ምክንያት ዓምድ «ኮበለለ» የሚል ሲገጥምዎት አይፈሩ። በተለይ በ1850ዎቹ በአውስትራሊያ፣ በሜልቦርን አካባቢ ወርቅ ተገኘ ሲባል መርከበኞች መርከቦቻቸውን ወደብ ላይ ጥለው ይሄዱ ነበር። ለእርስዎ ግን ይህ ቃል ትልቅ ፍንጭ ነው፦ ቅድመ አያትዎ በምን ቀን በምን ከተማ ከመርከብ እንደወረደ ይነግርዎታል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያች ከተማ ጋዜጣ ይከፈታል።

ጋዜጣው

አሁን ከፍለጋው ሁሉ የምወደው ላይ ደረስን። ጋዜጣ የሚከፈተው ከሰነዱ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ሰነዱ ቀንና ወደብ ይሰጥዎታል፤ ቀንና ወደብ ይዞ ጋዜጣ የሚከፍት ሰው ደግሞ ሳያገኝ አይመለስም።

የመርከብ ዜና ዓምድ እጅግ አጭር ነው። አንዱ መስመር «ሜሪ፣ ጆንስ፣ ከሪጋ» ሊል ይችላል። የመጀመሪያው የመርከቧ ስም፣ ሁለተኛው የአዛዡ የቤተሰብ ስም፣ ሦስተኛው የመጣችበት ወደብ ነው። ከመርከበኞቹ የሚጠራ ማንም የለም። ለዚህ ነው ፍለጋ ሳጥን ውስጥ መጻፍ ያለበት የሰውዎ ስም ሳይሆን የመርከቧና የአዛዡ ስም አብረው የሚሆነው። «ሆፕ» ብቻ ብለው ቢፈልጉ ተስፋ የሚለው ቃል ያለበት ስብከት ሁሉ ይመጣል፤ «ሆፕ» እና የአዛዡን ስም አብረው በሁለት ወር ክልል ውስጥ ቢፈልጉ መርከቧ ትመጣለች።

የዓምዱን ቃላት ይለማመዱ። «ኢንስት» ካለ በዚህ ወር፣ «አልት» ካለ ባለፈው ወር፣ «ፕሮክስ» ካለ በሚመጣው ወር ማለት ነው። «አልት» የሚለውን ሳያስተውል ያለፈ ሰው ቀኑን ሙሉ ወር ያሳስታል። «ስፖክን» የሚል ርእስ ሥር የሚገኘው ደግሞ መርከብ ከመርከብ ጋር ባሕር መካከል ሲገናኙ በባንዲራ ምልክት የተለዋወጡት ነው፤ ኬክሮስና ኬንትሮሱ ይጻፋል። ቅድመ አያትዎ በዚያ ቀን የነበረበትን የውቅያኖስ ነጥብ በካርታ ላይ በጣትዎ መንካት ይችላሉ። «ወደ ኋላ ተመለሰች» የሚል ካለ ማዕበል ወይም ጉዳት አለ ማለት ነው፤ የሚቀጥሉትን ቀናት ያንብቡ።

በየትኛው ወደብ ጋዜጣ ይፈልጉ? መርከቧ ከተነሣችበት ይልቅ የደረሰችበት ወደብ ጋዜጣ ይበልጣል። ቋሚ የአትላንቲክ ቴሌግራፍ ገመድ የተዘረጋው በ1866 ነው፤ አውስትራሊያ በገመድ የተገናኘችው በ1872። ከዚያ በፊት ሲድኒ የደረሰች መርከብ ዜና ለንደን እስኪታተም ወራት ይፈጃል፤ ያውም አንድ መስመር ሆኖ። የሲድኒ ጋዜጣ ግን በማግሥቱ ስንት ቀን እንደተጓዘች፣ የት ማዕበል እንደመታት፣ ማን ከምሰሶ ወድቆ እንደሞተ በሰፊው ይጽፋል። ስለዚህ የብሪታንያ መርከበኛ የሚፈልግ ሰው የአውስትራሊያን ትሮቭንና የኒውዚላንድን ፔፐርስ ፓስትን፣ በኢንተርኔት ያሉ የአሮጌ ጋዜጦች ስብስቦችን፣ አስቀድሞ ቢከፍት እመክራለሁ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። የአሜሪካ ክሮኒክሊንግ አሜሪካ፣ የኔዘርላንድስ ዴልፈር፣ የፈረንሳይ ጋሊካ፣ የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጋዜጦችና የሲንጋፖር ኒውስፔፐር ኤስጂም እንዲሁ ያለክፍያ ይነበባሉ። የብሪታንያ ጋዜጦች ትልቁ ስብስብ የሚከፈልበት ነው፤ ወደብና ቀን ሳይዙ ገንዘብ አይክፈሉበት።

ወደ ሲድኒ የገቡ መርከቦችን በተመለከተ ሌላም ጸጋ አለ። ከ1845 እስከ 1922 መርከቦች ሲገቡ ያስረከቡት የመርከበኞችና የተሳፋሪዎች ዝርዝር «መርከበኞችና መርከቦች በአውስትራሊያ ውኃ» በሚል ሥራ በበጎ ፈቃደኞች በብዛት እየተገለበጠ በኢንተርኔት ተቀምጧል። የምግብ አብሳዩ ረዳት ሳይቀር በስሙ፣ በዕድሜውና በትውልድ ቦታው ይገኛል።

ተራው መርከበኛ በጋዜጣ ላይ በስሙ የሚወጣው ችግር ሲገጥመው ነው። ስለዚህ የመርከብ ዜናውን ካገኙ በኋላ መርከቧ ወደብ ላይ የቆየችበትን ቀናት ሁሉ የፍርድ ቤት ዓምድ ያንብቡ፤ በሲድኒ «የውኃ ፖሊስ ፍርድ ቤት» የሚባል ለብቻው ነበር። ሥራ እምቢ ያለ፣ የኮበለለ፣ ምግቡ የተበላሸ ነው ብሎ የከሰሰ መርከበኛ በሙሉ ስሙ ይጻፋል፤ አንዳንዴ የተናገረውም ጭምር። ከዚያ ወደ ማስታወቂያ ገጽ ይሂዱ። መርከቧ ወደብ እንደገባች ካፒቴኑ «መርከበኞቼ ለሚገቡት ዕዳ ኃላፊ አይደለሁም» የሚል ማስታወቂያ ያወጣል፤ ይህ መርከቧ ወደብ የገባችበትን ቀን ያረጋግጥልዎታል። ከመነሣቷ በፊት የሚወጣው የጭነት ማስታወቂያ ደግሞ ባለንብረቱን፣ ቶኗንና የምትቆምበትን መልሕቅ ቦታ ይነግራል። ያልተወሰዱ ደብዳቤዎች ዝርዝር፣ የሆስፒታል ዜና፣ ተሳፋሪዎች ለካፒቴኑና ለመርከበኞቹ የጻፉት የምስጋና ደብዳቤ፣ ሁሉም ይነበባሉ። ቤተሰብ የጠፋ ልጁን የሚፈልግበት ዓምድም ነበር፤ በቦስተን ይታተም የነበረው «ፓይለት» ከ1831 ጀምሮ ለአየርላንዳውያን ያወጣው የታወቀ ነው።

ኮምፒውተር የቆየ ህትመትን ሲያነብ እንደሚሳሳት ይወቁ። እስከ 1800 አካባቢ በታተሙ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ላይ «ኤስ» የምትባለው ፊደል ረዝማ «ኤፍ» ስለምትመስል ማሽኑ መርከብ የሚለውን ቃል እንኳ በትክክል አያነበውም፤ ስለዚህ ስሙን በ«ኤፍ» ጽፈውም ይሞክሩ። ቀኑን ካወቁ ግን ፍለጋውን ትተው ገጹን በዓይንዎ ያንብቡ። የመርከብ ዓምድ በአንድ ጋዜጣ ላይ በየቀኑ አንድ ቦታ ስለሚወጣ አምስት እትሞችን ማገላበጥ ሃምሳ የተሳሳተ ፍለጋ ከማድረግ ይፈጥናል። በትሮቭ ላይ የተሳሳተ ንባብ ሲያገኙ ያርሙት፤ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ከእርስዎ በኋላ የዚያችኑ መርከብ መርከበኛ ለሚፈልግ ሰው መንገድ ይከፍቱለታል።

ማዕረግ ያላቸው፣ የሰጠሙትና የሌላ አገር ሰዎች

ሰውዎ ካፒቴን ወይም ምክትል ከነበረ ሥራው ይቀላል። ከ1850 ጀምሮ ወደ ውጭ አገር የሚጓዝ መርከብ አዛዥና ምክትል ፈተና አልፎ ወይም በቆየ አገልግሎቱ ሰርተፊኬት መያዝ ነበረበት። ለዚህ የተሞሉት ማመልከቻዎች በግሪንዊች ይገኛሉ፤ አመልካቹ እስከዚያ ቀን የሠራባቸውን መርከቦች ይዘረዝራሉና የዓመታት ድካም ይቆጥባሉ። የሎይድስ የካፒቴኖች መዝገብም ከ1851 ጀምሮ የእያንዳንዱን አዛዥ መርከቦች በቅደም ተከተል ይዟል።

መርከቧ ከሰጠመች የጋዜጣው የመጀመሪያ ዜና ላይ አይቁሙ። «ሁሉም አለቁ» ተብሎ የታተመ መርከብ ከወር በኋላ ሌላ ወደብ በሰላም የገባበት ጊዜ አለ። ቢያንስ ሦስት ወር ወደፊት ያንብቡ። ከ1876 ጀምሮ ያሉ የመርከብ አደጋ ምርመራ ሪፖርቶችን የሳውዝሃምፕተን ቤተ መጻሕፍት በዲጂታል አስቀምጧቸዋል፤ የተረፉት ሰዎች የተናገሩትና የጥፋቱ መንስኤ በዝርዝር አለበት። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ያለቁና መቃብራቸው ባሕር የሆነ የንግድ መርከበኞች ደግሞ ለንደን ውስጥ በታወር ሂል መታሰቢያ ላይ ስማቸው በመርከባቸው ስም ሥር ተቀርጿል፤ ከመጀመሪያው ጦርነት ወደ 12,000፣ ከሁለተኛው ወደ 24,000 የሚጠጉ። እዚያም እንኳ የተደረደሩት በመርከብ ነው።

አሜሪካዊ ከሆነ በ1796 በወጣው ሕግ የተጀመረውን የመርከበኛ የጥበቃ ወረቀት ይፈልጉ፤ ቁመት፣ የቆዳ ቀለምና ጠባሳ ይገልጻል። ዓሣ ነባሪ አዳኝ ከነበረ የኒው ቤድፎርድ የመርከበኞች ዝርዝር በስም ይፈለጋል፤ በዚያው ከተማ ከ1843 እስከ 1914 የታተመ የዓሣ ነባሪ አዳኞች ጋዜጣም አለ። ለሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የሠራ ከሆነ፣ በ1700ዎቹ ዓመታት የተሳፈሩት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በስም ተዘርዝረዋል፤ ጀርመኖችና ስካንዲኔቪያውያንም ብዙ ናቸው። ፈረንሳይ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የባሕር ዳር ሰዎቿን በወደብ መዝግባለች። በስዊድን ደግሞ ከ1748 ጀምሮ በየወደቡ የመርከበኞች ቤት የሚባል ተቋም ነበር፤ መዝገቡ በሰው ስም ስለሆነ ስዊድናዊ ቅድመ አያት ያለው ሰው ዕድለኛ ነው።

ቅጂ ሲጠይቁ

ያገኙትን ሁሉ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ በቀን ቅደም ተከተል ያስፍሩ፦ ቀን፣ ቦታ፣ መርከብ፣ ይፋዊ ቁጥር፣ መረጃው የተገኘበት። በሰንጠረዡ ላይ ባዶ ወራት ሲታዩ ቀጥሎ የሚፈልጉት ያ ነው። አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ሁለት ውቅያኖስ ላይ ከታየ ደግሞ ሁለት ሰዎችን አደባልቀዋል።

ለቤተ መዛግብት ሲጽፉ የመርከቧን ስም ብቻ አይላኩ። ይፋዊ ቁጥሯን፣ ጉዞው የተፈጸመበትን ዓመትና የሰውዎን ስም ይጻፉ፤ የሰነዱ ገጾች በሙሉ እንዲነሡልዎ፣ ሎግ ቡኩ (የመርከቧ የዕለት መዝገብ) ካለም አብሮ እንዲፈለግ ይጠይቁ። ብዙ ሎግ ቡኮች አልቆዩም፤ መርከብ ላይ የተወለደ ወይም የሞተ ሰው ካለ ግን የመትረፍ ዕድላቸው ሰፊ ነው። በስም ዝርዝር ላይ የተገለበጠውን አይተው በዚያ አይርኩ፤ ፊርማው ያለበትን ገጽ ራሱን ያስመጡ። በፊርማው ቦታ መስቀል ካገኙ አጠገቡ በሌላ ሰው እጅ «የእርሱ ምልክት» ተብሎ ተጽፎ ያዩታል። ከዚያ የሚቀጥለችውን መርከብ ሰነድ ከፍተው ያንኑ ቦታ ይመልከቱ፤ አንዳንድ ጊዜ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መስቀሉ ቀርቶ፣ ፊደሎቹ ወደ ላይና ወደ ታች የተንቀጠቀጡ፣ በራሱ እጅ የተጻፈ ስም ይገኛል።